ሠላሳ አንደኛው ገጽ

በሞላሌ ዳርቻ ባለው የበግ ምርምር ጣቢያ ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ አለ። በረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ የቡድኑ መሪ ዶክተር አትናቴዎስ ይቀመጣሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዶክትሬት ያለው፣ ከዚያ ማስተርስ ያለው፣ በመጨረሻ በሩ አጠገብ፣ የመንዝ ብርድ ሽው እያለ በሚገባበት ቦታ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላቸው ወጣቶች ይደረደራሉ። በር ላይ የተቀመጠ ሰው አይናገርም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ሕግ ሁሉ በላይ ይከበር ነበር።

ጥሩሸዋ በበሩ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጣለች። የዘመሮ ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሐኪም። የበግ ደረት አዳምጣ ሕመሙን ትለያለች፤ ከሚፈራገጥ አውራ በግ ደም ስትወስድ እጇ አይንቀጠቀጥም። ዐሥር ሰው ፊት ቆሞ «ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት ግን አትችልም። ማን አስተምሯት! በተቀጠረች በመጀመሪያው ወር የሥራዋን ውጤት ልታስረዳ ተነሥታ ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ፣ ዶክተር አትናቴዎስ እንግሊዝኛዋን እያረሙ አቋረጧት። ሰው ሳቀ። «ለጊዜው እጅሽን አሠሪው፤ አፍሽ ይደርስበታል» አሏት። ከዚያ ወዲህ እጇን ብቻ ስታሠራ ኖረች።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ተቀምጠው ነው ያደጉት፤ ስለዚህ ትምህርት ማለት ይህ ይመስላቸዋል። ጉባኤ ሲጠራ የሚሄዱት እሳቸው፣ ለጋዜጠኛ መልስ የሚሰጡት እሳቸው፣ ለገበሬው ንግግር የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። «ወጣት ሲናገር ይሳሳታል፤ እሱ ሲሳሳት የሚጠፋው የጣቢያው ስም ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይሉ ነበር። የጥሩሸዋ የሥራ ባልደረባ ምንተስኖት፣ የቁጥሩን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቀው ልጅ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተወዳድሮ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ገዛ ሥራው ሦስት ደቂቃ መናገር አቅቶት ወድቆ ተመለሰ። ዶክተሩ ይህንን ሲሰሙ «ገና አልበሰለም ማለት ነው» ብለው አለፉ። እሳቱን ሳያነዱ ሽሮው አልበሰለም የሚሉ ሰው ናቸው እንግዲህ።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት ነው። ለቀየት አካባቢ በግ አርቢዎች የሚታደሉ ዐሥራ አራት ምርጥ አውራ በጎች ተዘጋጅተው ነበር። ደማቸውን የወሰደችው ጥሩሸዋ ናት። ውጤቱ ሲመጣ ከዐሥራ አራቱ አምስቱ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጨርስ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ተገኘባቸው። በሽታው ሲጀምር አይታይም። በጉ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሳንባው እየጠጠረ ይሄዳል፤ አጠገቡ ለሚያድሩትም ያስተላልፋል። ጥሩሸዋ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበች። ሐሙስ ጠዋት እጇን አወጣች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ዶክተር፣ ስለ ቀየት አውራዎች አንድ ነገር ነበር።»

«ምንድን ነው?»

«የደም ምርመራው ላይ… አንዳንድ… ምናልባት የሚያሳስብ ነገር ሊኖር ይችላል መሰለኝ።»

«ምናልባት! ሊኖር! መሰለኝ!» አሉ ዶክተሩ፤ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ፈገግ አለ። «ሳይንስ በመሰለኝ አይሠራም። ለርክክቡ የቀረን ስድስት ቀን ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ጽፈሽ አስገቢ።»

ምንተስኖት በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ንገሪያቸው እንጂ! አምስቱ ታመዋል በያቸው!» አለ በሹክሹክታ። ጥሩሸዋ ግን ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ ተቀመጠች። እሱም ቢሆን በሹክሹክታ እንጂ ድምፁን ከፍ አድርጎ አልተናገረም።

ጻፈች። እንደ ተማረችው አድርጋ በእንግሊዝኛ ሠላሳ ስምንት ገጽ ጻፈች። ስለ መንዝ በግ አመጣጥ ስድስት ገጽ፣ ስለ አሠራሩ ዐሥራ አንድ ገጽ፣ ሌሎች ሰዎች ስለ ጻፉት ደግሞ ሌላ ብዙ ገጽ። አምስቱ የታመሙ በጎች ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በሰባተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ቁጥራቸው አጠገብ ትንሽ ኮከብ ተደርጎባቸው ተቀመጡ። ከሥራቸው «ውጤቱ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ሊጠቁም ይችላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ቤት እየተቃጠለ ስለ ማገዶ ታሪክ ሠላሳ ገጽ ማስቀደም ማለት ይህ ነው! ዶክተር አትናቴዎስ ሽፋኑን አይተው ፈረሙበት። ሪፖርቱም መደርደሪያ ላይ ወጣ።

በርክክቡ ቀን በጎቹ ታጥበው፣ አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሮላቸው ቀየት ገበያ ሜዳ ላይ ተሰለፉ። ገመዱን ለየባለቤቱ የምታስረክበው ጥሩሸዋ ነበረች። ተራው ሲደርስ ወይዘሮ ኮከብ የሚባሉ ሴት መጡ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በርክክቡ ዓመት ገብሳቸውን ውርጭ ስለ መታባቸው፣ ለእሳቸውና ለሁለት ሴት ልጆቻቸው የቀረቻቸው ተስፋ ሃያ ሦስት በግ ነበረች። የደረሳቸው አውራ ከአምስቱ አንዱ ነበር። ገመዱን ከጥሩሸዋ እጅ ተቀብለው፣ ጀርባውን ዳበስ ዳበስ አድርገው፣

«ልጄ፣ ጤናው እንዴት ነው?» አሏት።

ያችን ጥያቄ ጥሩሸዋ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም። መልሱን ታውቀዋለች። አፏ ውስጥ ነው ያለው። ቀና ስትል ዶክተሩ ድምፅ ማጉያ ይዘው ወደ እሷ ይመለከታሉ፤ እንግዶቹም ያጨበጭባሉ።

«ዶክተሩ ያስረዱዎታል» አለች።

ዶክተሩ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ስለ ዘረ መል፣ ስለ ምርታማነት፣ ስለ ሀገር ዕድገት። ስለ ጤናው አንድ ቃል አልተነገረም። ወይዘሮ ኮከብ ከንግግሩ የገባቸው «ምርጥ» የምትለዋ ብቻ ነበረች፤ እሷኑ ይዘው በጉን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓመት ተመንፈቅ አለፈ። በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ስብሰባው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ። ወይዘሮ ኮከብ ናቸው። ጥበቃው ከኋላቸው «እማማ፣ ኧረ አይቻልም!» እያለ ይከተላል። ጫማቸው ጭቃ ነው፤ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለዋል። ማንንም ሳያስፈቅዱ እስከ ራስጌው ሄዱና ፌስታሉን ዶክተሩ ፊት፣ ወረቀቶቹ ላይ ዘረገፉት። የበግ ሳንባ ነው። ሳንባ ሲባል ሰው የሚያውቀው ለስላሳና ቀላል ነገር ነው፤ ይህ ግን ግራጫ፣ ያበጠ፣ እንደ ጉበት የከበደ ነበር።

«ሰባተኛዬ ናት» አሉ። «ሰባት በግ ቀብሬ መጣሁ። የቀሩትም እያሳሉ ነው። ሲያስሉ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ልጅ ይመስላሉ። ያ ምርጥ ያላችሁት አውራ ተገባ ወዲህ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን በደልኋችሁ?»

ዶክተር አትናቴዎስ ከወንበራቸው ተነሡ። «እሜቴ፣ ይረጋጉ። ይህ ከአየሩ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ወደ እኛ የቀረበ ምንም ዓይነት ሪፖርት የለም።»

ወይዘሮ ኮከብ ፊታቸውን ከእሳቸው መለሱ። ዓይናቸው በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ላይ አርፏል።

«አንቺን አውቅሻለሁ። ገመዱን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ። ጤናው እንዴት ነው ብዬ ጠይቄሽ ነበር።» ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ተራመዱ። «ታውቂ ነበር?»

ጥሩሸዋ እንደ ምንም ብላ ቆመች።

«ጽፌ ነበር፣ እትዬ ኮከብ።»

«ለማን?»

ጥሩሸዋ በጣቷ ወደ መደርደሪያው አመለከተች።

«ለማን ነው የጻፍሽው? በጉን የማረባው እኔ ነኝ። ፊትሽ ቆሜ፣ አፍ አውጥቼ ጠየቅሁሽ። ለእኔ ያልነገርሽውን ለማን ጻፍሽው?»

ምንተስኖት ተነሥቶ ከመደርደሪያው ላይ ሪፖርቱን አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣ ሠላሳ አንደኛውን ገጽ ገልጦ፣ ከሳንባው አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሽፋኑ መለሰና ፊርማውን በጣቱ አሳየ። ዶክተሩ አዩት። ገጹን አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ነገር ግን ሰው ሲያፍር መጀመሪያ የሚመጣለት ቁጣ ነው።

«እንዲህ ያለ ከባድ ነገር ሠንጠረዥ ውስጥ ይደበቃል? ለምን አልተናገርሽም?» ብለው ጮኹባት።

አምስት ዓመት ተመንፈቅ የታፈነው ያን ጊዜ ፈነዳ። «እጄን አውጥቼ ነበር! ጽፈሽ አስገቢ አሉኝ። ስጽፍ አላነበቡም። ስናገር ሳቁብኝ። እዚህ ያለነው ልጆች በግ መመዘን እንጂ ሰው ፊት መቆም አልተማርንም፤ እንድንማርም አይፈልጉም!» አለች። «እኔም ግን ንጹሕ አይደለሁም። ዝምታው ተመቸኝ። ምናልባትና ይችላል ከሚሉ ቃላት ኋላ ተደበቅሁ። እትዬ ኮከብ ሲጠይቁኝ መልሱ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዋጥኩት።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ወይዘሮ ኮከብ።

ቁጣው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩም ተራ ጭቅጭቅ ሆኖ ይቀር ነበር። ነገር ግን ለዘመሮ ሰዎች የሚታደሉ ዘጠኝ አውራዎች ከሳምንት በፊት ወደዚያው ተልከው፣ ቅዳሜ ርክክብ ይጠብቃሉ። ጥሩሸዋ ደማቸውን የመረመረችው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሁለቱ ታመዋል፤ ሰባቱም ከእነሱ ጋር አንድ በረት አድረዋል። ይህንንም ቢሆን ሪፖርት ልትጽፍበት ጀምራ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ነበር! ይህን ሁሉ አሁን እንደ ቆመች በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገረችው።

ዶክተሩ ግንባራቸውን አሹ። «ርክክቡ ለሌላ ጊዜ ተራዝሟል እንበል። ለቀየትም ቀስ ብለን ሌላ በግ እንተካለን። ሕዝብ ማሸበር አያስፈልግም። የሳይንስ ነገር ገበያ ላይ አይወራም።»

«በሽታው ገበያ ላይ ነው ያለው፣ ዶክተር» አለች ጥሩሸዋ። «ቅዳሜ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ።»

ምንተስኖት «እኔም እሄዳለሁ» አለ። ከበሩ ወንበሮች ሌሎች ሁለት ሰዎች ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ በጣቢያው በረት ጥግ ወይዘሮ ኮከብን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ልትለማመድ ሞከረች። «በመሠረቱ ይህ በሽታ በቫይረስ አማካይነት የሚከሰት ሲሆን…» ብላ ጀመረች።

ወይዘሮ ኮከብ እጃቸውን አወናጨፉ። «ተይ! ምን ላድርግ? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ። ምክንያቱን ቆይቼ እሰማለሁ።»

ደግማ ጀመረች። ደግመው አስቆሟት። «ወዴት ነው የምታዪው? መሬቱ አይደለም የጠየቀሽ፤ እኔ ነኝ።» ከአምስተኛው ሙከራዋ በኋላ ምንተስኖት ተራውን ቀጠለ፤ እሱንም እንዲሁ አስተካከሉት። ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት፣ ጣቢያው አምስት ዓመት ተመንፈቅ ያላስተማሩትን ነገር፣ ሰባት በግ የቀበሩ ሴት በአንድ ከሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስተማሩ። ይህ ለሴትየዋ ክብር ነው፤ ለጣቢያው ግን ኀፍረት።

ቅዳሜ ዘመሮ ሜዳ ላይ ሰው ሞላ። ወይዘሮ ኮከብም ከቀየት መጥተዋል። ዶክተር አትናቴዎስ ሳይጠበቁ ከመኪናቸው ወረዱና እንደ ልማዳቸው ድምፅ ማጉያውን አነሡ።

«የተከበራችሁ የዘመሮ አካባቢ…» ብለው ጀመሩ፤ ዓይናቸው መሐል የቆሙት ወይዘሮ ኮከብ ላይ ሲያርፍ ግን ንግግራቸውን አቋረጡ። ከዚያ «ዛሬ ንግግር የለኝም» አሉ። «ቀየት ላይ የታመመ በግ አድለናል። ይህች ልጅ አውቃ ልትነግረኝ ስትል አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጽፋ ስትሰጠኝ ያላነበብኩትም እኔ ነኝ። ስሟ ጥሩሸዋ ነው፤ የእናንተው ልጅ ናት። እሷን ስሙ።» ማጉያውን ሰጥተዋት ሄደው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሙ።

ጥሩሸዋ ከፊቷ ያሉትን ሰዎች ዓይን ዓይናቸውን አየች።

«ዛሬ በግ አትውሰዱ» አለች። «ከዘጠኙ ሁለቱ የሳንባ በሽታ አለባቸው፤ መድኃኒት የለውም፤ ሰባቱም ደግመን ሳንመረምራቸው አይታመኑም። የሚያስል በግ ያለው ሰው ዛሬውኑ ለብቻው ይጠረው። ምርመራው እስኪደርስ ወደ ገበያ አያውጣው። እኛ እዚህም ቀየትም ቤት ለቤት እየዞርን ደም እንወስዳለን።»

ሜዳው ታመሰ። «እስካሁን የት ነበራችሁ?» የሚል ጩኸት ከግራ ተነሣ። «ታዲያ ለምን አመጣችሁብን!» አለ ሌላው። ጥሩሸዋ አልሸሸችም። «ልክ ነዎት፣ ዘግይተናል» አለች። «በመዘግየታችን የእትዬ ኮከብ ሰባት በግ አልቋል። እዚህ እንዳይደገም ነው የመጣሁት።» ወይዘሮ ኮከብ መሐል ቆመው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! ይች ልጅ አሁን አልደበቀችም፤ አስጨርሷት!» ብለው ጮኹ። ሰው ቀስ በቀስ ረገበ።

አቶ ባስልዮስ የሚባሉ ሽማግሌ ግን አልተዋጠላቸውም። ሳምንቱን ሙሉ እየተመላለሱ ዓይናቸውን የጣሉበትን ትልቁን ቀይ አውራ ገመዱን ይዘው ቀረቡ። በጉ ደረቱ ሰፊ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ሲታይ የሚያስቀና ነበር።

«ልጄ፣ ይኸንን እንኳ እይልኝ። ጤናው እንዴት ነው?»

ያችው ጥያቄ ናት። ጥሩሸዋ የጆሮውን ቁጥር አየች። ወደ ዶክተሩ ዞር አላለችም።

«ታሟል፣ አባቴ። አይውሰዱት።»

አቶ ባስልዮስ የበጉን ጀርባ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ገመዱን መልሰው በእጇ ላይ አኖሩት። ከኋላ ወይዘሮ ኮከብ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው «ይችን ቃል ነበር ዓመት ተመንፈቅ የጠበቅኋት» ሲሉ ተሰማ።

ዛሬ በጣቢያው ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የሚናገረው በር ላይ የተቀመጠው ነው። ቆሞ፣ በአማርኛ፣ በአምስት ደቂቃ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርም ምን መደረግ እንዳለበት የሚናገር መሆን አለበት። ዶክተሩ ይሰማሉ፤ ሲያርሙም ተናጋሪው ከጨረሰ በኋላ ነው። ምንተስኖት በሁለተኛው ሙከራ ቃለ መጠይቁን አልፎ ለትምህርት ሄዷል። እናንተ አለቆች፣ መምህራን፣ የቡድን መሪዎች፣ በየቢሯችሁ በር ላይ ያስቀመጣችኋቸውን ልጆች ዞር ብላችሁ እዩ፤ የሚያውቁትን መናገር ካላስተማራችኋቸው ዕውቀታቸው ለማን ነው? እናንተም በር ላይ ያላችሁ፣ «ጽፌ ነበር» ማለት ነገርኩ ማለት አይደለም። በሞላሌ የመጣው ለውጥ በጎ ነው፤ የወይዘሮ ኮከብ ሰባት በጎች ግን አልተመለሱም። ሲያስሉ የነበሩ ሌሎች ሰባትም ተከተሏቸው፤ ከሃያ ሦስቱ ዛሬ በረታቸው ውስጥ የቀሩት ዘጠኝ ናቸው።